አንገትን ስለ ማነቅና ስለ ፈቃድ

ስለ ሩካቤ ሥጋ በጋዜጣ መጻፍ ከጨዋነት የራቀ ሥራ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ብዙዎች እንደ ሆኑ አውቃለሁ፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን የመኝታን ነገር በመጋረጃ የጋረዱት ክብሩን ለመጠበቅ እንደ ነበረም አልዘነጋም። ነገር ግን ከመጋረጃው በስተጀርባ ሕይወትን የሚያጠፋ ነገር ገብቶ በተገኘ ጊዜ፣ ዝምታው ክብርን መጠበቁ ይቀርና አደጋን መሸሸግ ይሆናል። ስለዚህ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን የቀደሙ ሰዎች ብሂል ይዤ፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ወጣቶች ዘንድ እንደ ተራ ነገር እየተቈጠረ ስለ መጣው፣ በግንኙነት ጊዜ የፍቅረኛን አንገት ስለ ማነቅ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ ፈቃድ የሌለበት ሩካቤ በደል መሆኑ ያለ ጥርጥር የታወቀ ሲሆን፣ ፈቃድ ያለበት ማነቅም ቢሆን በፈቃዱ ምክንያት ከአደጋ አይድንም፤ አንገቱን የታነቀ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው፣ የሚፈቅድበትንና የሚከለክልበትን ያንኑ አእምሮውን ነውና።

ነገሩ የጥቂቶች እንግዳ ልማድ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር፣ በውጭ አገር የተደረጉትን ጥናቶች ማስተዋል ይበቃዋል፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በአውስትራሊያ የሜልቦርንና የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 የሆነ 4702 ሰዎችን ጠይቀው በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመቶው 57ቱ በግንኙነት ጊዜ ቢያንስ አንድ ጊዜ አንገታቸው እንደ ታነቀ ተናግረዋል። በአሜሪካም የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ዴቢ ኸርበኒክ ከባልደረቦቻቸው ጋር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው እንደ ደረሱበት፣ ከሴቶቹ ተማሪዎች ከመቶው 58ቱ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው ያውቃል፤ ከእነዚህም ሴቶች አራተኛው እጅ ያህል ነገሩ መጀመሪያ የደረሰባቸው ገና ከ12 እስከ 17 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ሳሉ ነበር።

ይህ ልማድ ከወዴት መጣ ብሎ ለሚጠይቅም መልሱ የራቀ አይደለም። የአውስትራሊያ ወጣቶች ስለ ማነቅ ያወቁበትን ምንጭ ሲጠየቁ በብዛት የጠቀሱት ልቅ የሆነውን የወሲብ ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ አንቂው አስቀድሞ ሲጠይቅ አይታይም፤ የታነቀችውም በማግሥቱ ጉሮሮዋ ሲያብጥ ወይም ራስ ምታት ሲያስጨንቃት አትታይም። እንግዲህ ይህን በእጁ ስልክ ያየ ልጅ ሴት የምትወደው ይህንን ነው ብሎ ያምናል፤ ልጅቱም በፊናዋ እንቢ ብትል ፍቅር የማታውቅ ኋላ ቀር እንዳትባል ትሰጋለች፤ በዚህም አኳኋን ሁለቱም ያልመረጡትን ነገር፣ እያንዳንዳቸው ሌላው የመረጠው እየመሰላቸው ያደርጉታል። ከዚህ የሚበልጥ አሳዛኝ አለመግባባት በሁለት በሚዋደዱ ሰዎች መካከል ሊኖር ይችላል ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ሰውነታችን አሠራር እንመለስ፤ ነገሩን በሚገባ ለመፍረድ ከሥነ ምግባር አስቀድሞ የአንገትን ተፈጥሮ ማወቅ ያስፈልጋልና። በአንገት ግራና ቀኝ፣ ከቆዳው ብዙም ሳይርቁ፣ ደምን ከልብ ወደ አንጎል የሚያደርሱ ታላላቅ ደም ቅዳዎች ይወጣሉ፤ በአጠገባቸውም ደሙን ወደ ልብ የሚመልሱ ደም መልሶች ይወርዳሉ፤ በመካከል ደግሞ የአየር ቧንቧውና ማንቁርቱ ይገኛሉ። የሕክምና መጻሕፍት እንደሚያስተምሩት ደም መልሱን ለመዝጋት 2 ኪሎ ግራም ያህል፣ ደም ቅዳውን ለመዝጋት 5 ኪሎ ግራም ያህል፣ የአየር ቧንቧውን ለመዝጋት ግን 15 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ይበቃል። ከዚህ የምንረዳው ታላቅ ቁም ነገር፣ የታነቀ ሰው ገና አየር እየሳበ፣ ምናልባትም ቃል እየተናገረ ሳለ፣ ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ የሚችል መሆኑን ነው። እንግዲህ «እተነፍሳለሁና ደኅና ነኝ» ማለት፣ ወይም «ትተነፍሳለችና አልጐዳኋትም» ማለት፣ ከዕውቀት የራቀ መጽናናት ነው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶው ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን አምስተኛውን እጅ ብቻውን ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን የሚያኖረው ስንቅ ግን የለውም። በ1943 ሮሰን፣ ካባትና አንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በወጣት ወንዶች አንገት ላይ በአየር የሚነፋ መጠቅለያ አድርገው የአንጎልን የደም ዝውውር በድንገት ሲያቋርጡ፣ ሰዎቹ ራሳቸውን የሳቱት በአማካይ በ7 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለውን ምርመራ በሕያው ሰው ላይ ማድረግ የሚፈቅድ ተቋም አይገኝም፤ ወጣቶች ግን ያለ ሐኪም፣ ያለ መሣሪያና ያለ ተመልካች በየመኝታ ቤታቸው ይደግሙታል። ደሙ እንደ ተቋረጠ ጥቂት ደቂቃዎች ቢያልፉ የአንጎል ሕዋሳት መሞት ይጀምራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም በደም ቅዳው ግድግዳ ላይ ያለው የልብ ምትን የሚቈጣጠር ነርቭ ሲጫን፣ ልብ ሊዘገይ ወይም ሊቆም ይችላል።

ከዚህም የሚከፋው ጉዳቱ ወዲያው የማይገለጥ መሆኑ ነው። የደም ቅዳው ውስጠኛ ሽፋን በግፊቱ ምክንያት ሊሰነጠቅ፣ በስንጥቁም ላይ ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ደም ከቀናት በኋላ ወደ አንጎል ሄዶ ጤነኛ በሆነ ወጣት ላይ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። በካሊፎርኒያ የሳንዲያጎ ከተማ በ1995 ሁለት ወጣት ሴቶች በወዳጆቻቸው እጅ ከሞቱ በኋላ፣ ዐቃብያነ ሕግና ሐኪሞች ሰዎች ታንቀው ከሞት የተረፉባቸውን 300 መዝገቦች መርምረው ውጤቱን በ2001 ባሳተሙ ጊዜ፣ ከተጎጂዎቹ በግማሽ ያህሉ አንገት ላይ ፖሊስ ያየው አንዳች ምልክት እንዳልነበረ ገልጠዋል። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲም ኬይሱኬ ካዋታ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በግንኙነት ጊዜ ደጋግመው የታነቁ ወጣት ሴቶችን ደም ታንቀው ከማያውቁት ጋር ቢያነጻጽሩ፣ የአንጎል ሕዋሳት በተነኩ ጊዜ በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን በፊተኞቹ ዘንድ ከፍ ብሎ አግኝተዋል። እንግዲህ በመስተዋት ፊት ቆሞ ቆዳው ያልቈሰለ መሆኑን ያየ ሰው፣ ውስጡ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አለኝ ሊል አይችልም።

በዚህ ነጥብ ላይ ተቃውሞ የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ፤ ተቃውሟቸውም በቅንነት ሊሰማ ይገባዋል። «ዐዋቂዎች የሆኑ ሁለት ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው በዝግ ቤት የሚያደርጉት ነገር ለማንም ዳኝነት አይገባም፤ ደግሞም ጥንቃቄ አለ፤ የአየር ቧንቧውን ሳይነኩ ጎንና ጎኑን ብቻ በቀስታ መያዝ ይቻላል» ይላሉ። የሰው ልጅ በገዛ አካሉ ላይ ሥልጣን ያለው መሆኑን እኔም አከብራለሁ፤ ሌላው ሰው የሚወደውን ስለማልወድ ብቻ ልኰንነው አልሻም። ነገር ግን ጥንቃቄ የተባለውን ስንመረምረው፣ ጎንና ጎኑ ማለት እነዚያ ደም ቅዳዎች የሚያልፉበት ስፍራ ማለት ነው፤ ስለዚህ ምክሩ ከአንዱ አደጋ አርቆ ወደሚቀርበውና ወደሚፈጥነው አደጋ ያደርሳል። በጁዶ ውድድር እንኳ አንገትን መያዝ የተፈቀደው፣ ዳኛ በአጠገብ ቆሞ፣ የተያዘው ሰው በእጁ መታ መታ ባደረገ ቅጽበት እንዲለቀቅ ግዴታ ስላለ ነው፤ በመኝታ ቤት ግን ዳኛ የለም፣ በስሜት የተዋጠው ሰው የእጁን ግፊት በኪሎ ግራም ሊመዝን አይችልም፣ ብዙ ጊዜም መጠጥ ከሁለቱ ጋር አብሮ አለ።

አሁን ወደ ፈቃድ ነገር ደረስን። ፈቃድ እውነተኛ ይሆን ዘንድ አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ አስቀድሞ የተጠየቀ መሆኑ፣ ያለ ፍርሃትና ያለ ግፊት የተሰጠ መሆኑ፣ የሚከተለውን በማወቅ የተሰጠ መሆኑ፣ በማናቸውም ጊዜ ሊመለስ የሚችል መሆኑ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይጐድላል፤ ተመራማሪዎች ካነጋገሯቸው ወጣት ሴቶች መካከል ማንም ሳይጠይቃቸው ድንገት አንገታቸው የተያዘ አሉና። ሁለተኛው ይጐድላል፤ እንቢ ብል ይተወኛል የሚል ፍርሃት ያለባት ልጅ እሺ ብትል እሺታዋ ከልቧ አይደለም። ሦስተኛው ይጐድላል፤ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ነገሮች የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነውና። እነዚህ ሦስቱ ግን በትምህርትና በመልካም ንግግር ሊሟሉ የሚችሉ ናቸው። አራተኛው ግን በምንም ዘዴ አይሟላም፤ ሰው ፈቃዱን የሚመልሰው በአእምሮው፣ በአንደበቱና በእጁ ሲሆን፣ ማነቅ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ላይ፣ ያውም በሰከንዶች ውስጥ ይወስዳልና። በእጅ ምልክት እንስጥ፣ በእጃችን የያዝነውን ዕቃ እንጣል የሚሉትም ቢሆኑ፣ ምልክት ለመስጠት የሚወስነው ያው ደም ያጣው አንጎል መሆኑን ሊያስተውሉ ይገባቸዋል። አልፎ አልፎም የታነቀው ሰው ራሱን ስቶ ሲነቃ፣ መሳቱን ፈጽሞ ስለማያስታውስ፣ ምንም አልሆንኩም ብሎ በቅን ልቡና ይመሰክራል። መከልከል የማይችል ሰው ስለ ፈቀደ ብቻ ይፈቅዳል ልንል አንችልም። በዚህ ምክንያት ማነቅን ከሌሎች በመኝታ ከሚደረጉ ነገሮች ለይቼ እቃወመዋለሁ፤ የሚወድ ሰውም ሊጠይቀው አይገባም ብዬ በግልጥ እናገራለሁ።

ይህን ካልኩ በኋላ ስለ መነጋገር ጥቂት ልጨምር። በእኛ ዘንድ ዝም አይነቅዝም የሚባል ብሂል አለ፤ በአደባባይ ነገር ብዙ ሰው ያዳነ ብሂል ነው፤ በመኝታ ነገር ግን ዝምታን እንደ እሺታ መቍጠር ብዙ ሰው ጐድቷል። ስለ እንዲህ ያለው ጉዳይ መነጋገር የሚገባው ስሜት ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ ሁለቱም ረጋ ባሉበት ሰዓት፣ እያንዳንዱ የሚወደውንና የሚፈራውን ያለ ኃፍረት በሚናገርበት መንገድ ነው። አንዱ «አንገቴን ያዝልኝ» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሌላው «ይህን አላደርግም፤ ስለምወድሽ አላደርግም» ብሎ የመመለስ ሙሉ ነፃነት አለው፤ በዚህም አያበቃም፤ ከልመናው በስተጀርባ ያለው ምን እንደ ሆነ፣ መታመን ይሁን፣ መፈለግን በኃይል መስማት ይሁን፣ በርኅራኄ ሊጠይቅና ያንኑ ናፍቆት አንገትን ሳይነኩ የሚያረኩበትን መንገድ አብሮ ሊፈልግ ይችላል። እንቢታን የሰማውም ወገን እንዳልተወደደ አድርጎ ሊቈጥረው፣ ደጋግሞም ሊለምን አይገባውም።

ሳይጠይቅ እጁን በአንገት ላይ ያሳረፈ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ያ ሰው ፍቅረኛም ሆነ ባል፣ አንድ ጊዜም ያድርገው ብዙ ጊዜ፣ ሥራው የኃይል ሥራ ነው፤ በቍጣ ያደረገው እንደ ሆነ ደግሞ የሞት ማስጠንቀቂያ ነው። ናንሲ ግላስ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 ያሳተሙት ጥናት፣ ቀድሞ በባሏ ወይም በወዳጇ የታነቀች ሴት በዚያው ሰው እጅ የመገደሏ ዕድል ካልታነቀችው ተበዳይ ከሰባት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት ሴት «ከዚያ በኋላ ይቅርታ ጠይቆኛል» ብላ ራሷን ልታጽናና አይገባትም፤ ለምታምነው ሰው ትንገር፣ ደኅንነቷንም ወደምታገኝበት ትሂድ።

የሕግ ሰዎች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደ ያዙት ለማየት ወደ እንግሊዝ አገር መመልከት ይጠቅማል። የጌቶች ምክር ቤት በ1993 ብራውን በተባለው መዝገብ በሰጠው ፍርድ፣ ለወሲብ ደስታ ተብሎ በሚደርስ የአካል ጉዳት ላይ የተጎጂው ፈቃድ መከላከያ እንደማይሆን ወስኗል። ይሁን እንጂ ከዚያም በኋላ ሴት የገደሉ ወንዶች «እርስዋ ራስዋ ፈቅዳ ነበር» እያሉ ሲከራከሩ ቆይተዋል፤ በ2018 በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ አንዲት እንግሊዛዊት ወጣት መንገደኛ ታንቃ በሞተች ጊዜ ተከሳሹ ያቀረበው ክርክር ይኸው ነበር፤ መናገር የማትችለው ሟች ስለ ገዛ ሞቷ እንደ ተከሰሰች ሆነች፤ የዳኝነት ሸንጎው ግን በ2019 ተከሳሹን በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ አድርጎታል። ከእንዲህ ያለው ሐዘን በኋላ የእንግሊዝ ፓርላማ በ2021 ባወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ማነቅን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገው፤ ሕጉ ከጁን 7 ቀን 2022 ጀምሮ ሲጸና ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል፤ ከባድ ጉዳት በደረሰም ጊዜ ለወሲብ ደስታ ተፈቅዶልኝ ነበር ማለት መከላከያ እንደማይሆን ተጻፈ። ይህ መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ጉዳት መድረሱ የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ሕግ ሁልጊዜ ከጥፋቱ በስተኋላ ይመጣል። ከጥፋቱ በፊት ሊመጣ የሚችለው ዕውቀትና ንግግር ብቻ ነው።

በለንደን፣ በሜልቦርን ወይም በዋሽንግተን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህ ነገር የፈረንጅ ልጆች ጉዳይ ነው ብለው ሊያልፉት አይገባም፤ ልጆቻቸው የሚማሩት ከላይ በጠቀስናቸው አገሮች ትምህርት ቤት፣ የሚያዩትም ያንኑ ስልክ ነውና። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ያለው ወላጅም ቢሆን፣ ስልኩ ድንበር የማያውቅ መሆኑን ያስታውስ። በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 16 ማንኛውም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት አለው፤ በአንቀጽ 34ም ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ተደንግጓል፤ ለጋብቻ ፈቃድን የጠየቀ ሕግ ባለበት አገር፣ በጋብቻ ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ያለ ፈቃድ ይሁን ማለት አይቻልም። ሐዋርያው ጳውሎስ ባል ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው ይውደድ ብሎ ሲያስተምር፣ የገዛ አንገቱን የሚያንቅ ሰው እንደማይኖር የታወቀ ነው። እስትንፋስን የፈጣሪ ስጦታ አድርጎ የሚያምን ሕዝብም፣ ያንን ስጦታ ለደስታ ሲባል መንጠቅ ከእምነቱ ጋር እንደማይስማማ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ስለዚህ የንስሐ አባት፣ የመስጊድ ኢማም፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ እናትና አባት፣ እያንዳንዱ በየድርሻው፣ ልጆች ከፊልም አስቀድመው ከእርሱ አንደበት እንዲሰሙት ሊያደርግ ይገባል፤ ነቀፋ ከቀደመ ግን ልጁ ጥያቄውን ይዞ ወደዚያው ፊልም ይመለሳል።

አንገቱ ታንቆ የነበረ ሰው፣ በፈቃዱም ሆነ ያለ ፈቃዱ፣ ድምፁ ቢሻክር፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ቢቸግረው፣ አንገቱን ወይም ራሱን ክፉኛ ቢያመው፣ ዓይኑ ቢፈዝዝበት፣ አንደኛው ጎኑ ቢደክም፣ ራሱን ስቶ ወይም ሽንቱ አምልጦት ቢሆን፣ ያንኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ ምንም ምልክት ባታይ እንኳ ትሂድ። ለሐኪሙም «አንገቴን ታንቄ ነበር» ብሎ በግልጥ ይንገረው፤ ይህን ያልሰማ ሐኪም የአንገትን የደም ሥሮች ለመመርመር ላያስብ ይችላልና። ሐኪሙም በበኩሉ ታካሚውን ሳያሳፍርና ሳይፈርድ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሰው በኃፍረት ምክንያት የደበቀው ምልክት ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል።

እኔ ወጣቶችን ፍቅር አትወቁ አልላቸውም፤ ፍቅርም ሁልጊዜ የረጋና የቀዘቀዘ ይሁን አልልም። የምለው ግን የፍቅር ሁሉ መሠረት የሆነው ያ «እሺ» እና «እንቢ» የማለት ሥልጣን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሁለቱም እጅ ሊቆይ ይገባል ነው። ይህን ሥልጣን ከባልንጀራው ላይ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ የሚወስድ ሰው፣ ተፈቅዶለት ቢሆንም፣ የተቀበለውን አደራ ሊመልስ እንደሚችል እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ የሚጠየቅ ሁሉ አላደርግም ይበል፤ የሚጠይቅም ሁሉ ጥያቄውን ይተው፤ እኛም በዕድሜ የቀደምነው፣ እነርሱ ይህን ለማለት የሚያበቃቸውን ዕውቀት ሳንሰስትና ሳናፍር እንስጣቸው።